በጀሶ የምትዋኘው ሴት

እትዬ አትጠገብ ከግቢያችን ከወጣች ወዲህ የት እንደገባች የማያውቅ ሰው የለም፤ ችግሩ እያንዳንዱ የሚያውቀው ለየቅል መሆኑ ነው። ሰሊጥ ነጋዴው ጎረቤታችን ጎንደር አውቶቡስ ተራ ቆማ አየኋት ይላል። አስፋልቱ ዳር ሻይ የምትሸጠው ልጅ «ሱዳን ተመልሳለች፤ ያየ ሰው ነው የነገረኝ» ትላለች። እማማ በላይነሽ ደግሞ የትም አልሄደችም ባይ ናቸው፤ «እዚሁ ጫካ ውስጥ ናት፣ ከዘመዶቿ ጋ» ይላሉ። ዘመዶቿ የሚሉት ጅቦቹን ነው።

እኔ ሦስቱንም አላምንም። እናቴ ታውቃለች ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ስጠይቃት ግን ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች።

ሰው የነገረኝን ቶሎ የማመን ልማድ የለኝም። «ይች ልጅ ጨው ብትቀምስ እንኳ ስኳር እንዳይሆን ትጠረጥራለች» ትለኛለች እናቴ። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ያለ ጥርጣሬ አምኛለሁ፤ መጻፍ እችላለሁ! የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ አንብበው ሲጨርሱ ከኋላ ወንበር ያሉት ወንዶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ አላርፍ ብሏል። ስለዚህ ስለ እትዬ አትጠገብ ያየሁትን አየሁ፣ የጠረጠርኩትን ጠረጠርኩ ብዬ ልጻፈው።

የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የሰሊጡ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ከመተማ በኩል ከሚመጣው ሚኒባስ አንድ የጨርቅ ሻንጣና አንድ ጀሪካን ይዛ ወረደች። ግራ እጇ ከክርኗ በላይ ጀምሮ እስከ ጣቶቿ ሥር ድረስ በጀሶ ታስሯል። ሱዳን ከተረበሸ ወዲህ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ለከተማችን ለገንዳ ውሃ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ግን ውሃ ጠጥቶ ወደ ጎንደር ያልፋል። እሷ አላለፈችም። አስፋልቱ ዳር ቆማ ግቢያችንን ከላይ እስከ ታች አየችውና በሩን በጀሶው አንኳኳች። ቆርቆሮው እንዴት እንደጮኸ! እናቴ ፖሊስ ነው ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

አባቴ ሰሊጡ እስኪነሳ እርሻው ካምፕ ስለሚከርም የግቢያችን ዳኛ እናቴ ናት። ክፍል ከማከራየቷ በፊት ትመረምራለች።

«ከየት ነሽ?»

«ከገዳሪፍ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከጎርጎራ፤ ጣና ዳር ነው የተወለድኩት።»

«ማተብ አለሽ?»

«ይኸው።»

«ባልሽስ?»

«እህቴ፣ ክፍሉን ልታከራይኝ ነው ወይስ ልታጋቢኝ?»

እናቴ ሳታስበው ሳቀች። ክፍሉን ያገኘችው በዚያ ሳቅ ነው። ወዲያው ዕቃዋን እንኳ ሳታስገባ አጠገባችን ካለው ከሀጂ ኑሩ ሱቅ ገብታ ስልክ ለምና ደወለች፤ ሰውዬው ዓረብኛ ስለሚችሉ ቶሎ ተግባቡ። ስትወጣ ፊቷ ግማሹ ደስ ብሎት ግማሹ የከፋው ይመስል ነበር። እኔ ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ገና ደርሳ ማንን ነው የምትጠራው?

ጉዱ የመጣው ግን በማግስቱ ነው። እማማ በላይነሽ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ ፍየል የሚያረቡ ባልቴት ናቸው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም ይባላል፤ እኔ የሚፈልጉትን መርጠው የሚሰሙ ይመስለኛል። ጠዋት ፍየሎቻቸውን ሲያስወጡ እትዬ አትጠገብን በር ላይ አገኟት።

«እጅሽን ምን አገኘው ልጄ?» አሏት።

«ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ ነው እማማ።»

«እሱስ ነጩ ምንድን ነው?»

«ጅብስ ነው።»

ልብ በሉ፤ እኛ «ስ» የምትባለዋን ፊደል ከቃል ኋላ መለጠፍ እንወዳለን። «እሱስ?»፣ «እኔስ?»፣ «ይሄስ እውነት ነው» እንላለን። ስለዚህ እማማ በላይነሽ ጆሮ ውስጥ የገባው ቃል እንግዳ አልነበረም። ጅብስ ነው! ጅብ ነው፣ ያውም የማያጠራጥር ጅብ። ሦስቴ አማተቡና ፍየሎቹን ወደ መጡበት መልሰው አስገቡ። ያን ቀን ፍየሎቹ ሳይሰማሩ ዋሉ።

ወሬው እስከ እኩለ ቀን ድረስ «ጅብ ነክሷት ነው» ነበር። ገበያ ደርሶ ሲመለስ «እጇ የጅብ እጅ ስለሆነ ነው የምትሸፍነው» ሆነ። በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን ሴቶች እሷ ስታልፍ ሕፃናት ልጆቻቸውን በነጠላ መከለል ጀመሩ። ቡዳ ናት፤ ቀን ሰው፣ ሲመሽ ጅብ። ጀሶው ደግሞ መለወጥ የማይችለውን አንድ እጅ መደበቂያ ነው።

እኔም ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ጅብ ናት ብዬ አይደለም። የኔ ጥርጣሬ የሠለጠነ ነው። እኛ አገር ከድንበር የሚመጣ ነገር ሁሉ ውስጡ ሌላ ነገር አለው። የሳሙና ካርቶን ውስጥ ስልክ ይገኛል፣ የስኳር ጆንያ ውስጥ ሲጋራ። ታዲያ ኬላ ላይ የተሰበረ እጅ ማን ይፈትሻል? ጀሶው ውስጥ ወርቅ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ደግሞም አያያዟ! በር በጀሶው ታንኳኳለች፣ ምስማር በጀሶው ትመታለች፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ጋደም ስትል ጀሶውን ትራስ ታደርገዋለች። የታመመ ሰው እጁን እንዲህ ያደርጋል?

ከዚያ የባሰው መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ሆና ውሻ እንኳ ጥላ ሲሸሽ፣ እሷ ፌስታል ይዛ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ስትመለስ ጸጉሯ እርጥብ ነው።

አንድ ቀን ተከተልኳት። ወንዙ ዳር ድረስ የሚወርድ የማሽላ ማሳ አለ፤ እዚያ ውስጥ ተሸሸግሁ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከፌስታሉ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛውን ላስቲክ አወጣች። ጀሶዋን እንደ ካልሲ አጠለቀችበት። ከዚያ የባጃጅ ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ አውጥታ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ሌላውን በቀኝ እጇ እየሳበች ከላይም ከታችም አሰረችው። የሱዳን ጀላቢያ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ገባች።

ከማዶ ሰው መጥቶ ጀሶውን ሲቀበላት ለማየት ዓይኔን አልነቀልኩም። ማንም አልመጣም። እሷ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን እየመታች ውሃው ላይ ትሄዳለች። የታሰረው እጇ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ተቀስሯል፤ ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ እንደሚያወጣው እጅ። እንደዚያ ሆና ወንዙን ተሻገረች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ተሻገረች።

«አንች ማሽላው ውስጥ ያለሽው!» አለች ድንገት። «ሙሉ ራስሽ ይታያል። ወዲህ ውጭና ይሄን ቋጠሮ አጥብቂልኝ፤ ውሃ እያስገባ ነው።»

ሰላይ ሆኜ ሄጄ ረዳት ሆኜ ቀረሁ። ቋጠሮውን ሳጠብቅ ግን ዕድሉን ተጠቀምሁበት፤ ጀሶውን በጣቴ ኳ ኳ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ምን ታደምጫለሽ ያ ቢት?» ልጅትን በሱዳንኛ «ቢት» ነው የምትለው።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ማሳከክ!» አለችና ሳቀች። «ማሳከክ ብቻ ነው ያለው። በዚህ ሙቀት ጀሶ ታስረሽ ብታውቂ አትጠይቂኝም ነበር።» ከድንጋዩ ሥር የደረቀ የሰሊጥ አገዳ አንስታ በላስቲኩ አፍ በኩል ሰድዳ አከከች፤ ዓይኗን ጨፍና።

«እጁ የተሰበረ ሰው ይዋኛል እንዴ?»

«የተሰበረው አንድ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ምን በደሉ?»

ይሄ አባባሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለት እግርና አንድ እጅ ቆጥራ ነው ሦስት ያለችው። ቤት ውስጥ አንድ እጅ ያላት ሴት ናት፤ ውሃ መቅዳት፣ ጸጉር መሥራት፣ ሽንኩርት መላጥ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ውሃው ውስጥ ግን ጀሶው አይከብዳት፣ ማንም አያዝንላት። «ጎርጎራ ሳለን አባቴ ታንኳ ላይ አስቀምጦ ወደ ሐይቁ ይወረውረን ነበር» አለችኝ። «በእግሬ ከመሄዴ በፊት ነው ዋና ያወቅሁት ማለት ይቻላል።»

«ለምን ጎርጎራ አትሄጂም ታዲያ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። ምርመራውን ከእናቴ ነው የወረስኩት።

ሳቋ ቆመ። ልጅ አለችኝ አለች። ካርቱም ነበረች፤ ከተማው ሲታመስ ተለያዩ። እትዬ አትጠገብ ገንዳ ውሃ በደረሰችበት ቀን ከሀጂ ኑሩ ሱቅ ስትደውል ልጅቷ ስልኩን አነሳች፤ መንገድ ላይ ናት። «ከሀጂ ኑሩ ሱቅ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አልኳት። ሁለቴ አስደገምኳት። እጄ ተሰብሮ እንደታሰረም ነገርኳት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኳ አይጠራም። እና አንች ልጅ፣ ልጄ በዚህ ምድር ላይ የምታውቀው አንድ በር የእናንተን በር ነው። ስታንኳኳ እኔ ሌላ ቦታ ከሆንኩ ተጠፋፋን ማለት ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። ግን «ማን ትባላለች?» ስላት አልነግርሽም አለች። መንገድ ላይ ያለ ሰው ስሙ እስኪደርስ አይጠራም አለችኝ። እኔም ይህንን ያዝኩባት። ስም የሌላት ልጅ፣ ፎቶ የሌላት ልጅ፣ የማይጠራ ስልክ። እውነት ልጅ አለች?

በሳምንቱ የእማማ በላይነሽ አንዲት ፍየል ማንከስ ጀመረች። ግራ እግሯን! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሴቶቹ ተሰብስበው እናቴ ዘንድ መጡ። «ወንዙ ውስጥ አዞ አለ እየተባለ እሷ ትንቦጫረቃለች፤ አዞ እንኳ የማይነካት ሰው ግቢሽ አስቀምጠሽ ልጆች ታሳድጊያለሽ?» አሏት። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ፈራች። ከልቧ ፈራች። ማታ የታናሽ ወንድሜን አንገት በነጠላዋ ጠቅልላ ስታስተኛው አይቻለሁ።

እትዬ አትጠገብን ጠርታ፣ «እኔ ክፉ ነገር አላየሁብሽም። ግን ሰው አላስቀምጥ አለኝ። ጀሶሽ ይፈታና እጅሽን እንየው። የሰው እጅ ከሆነ ትኖሪያለሽ። ካልሆነ...» አለች።

«ይሁን» አለች እትዬ አትጠገብ። «እጄ ይጠገንልኝ ብቻ። እኔም ናፍቆኛል።»

በዚህ መሃል ነው እኔ ነገሩን የደረስኩበት። ሀጂ ኑሩ ሱቅ ሳሙና ልገዛ ቆሜ አንድ ጀላቢያ የለበሰ ሱዳናዊ ገባና «ፊ ጅብስ?» አላቸው፤ ጅብስ አለ ወይ ማለቱ ነው። ጆሮዬ ቆመ! ሀጂ ምንም ሳይመስላቸው ከጥግ ነጭ ዱቄት ያለበት ከረጢት ጎትተው ሰጡት።

«ሀጂ፣ ምንድን ነው የሰጡት?»

«ጀሶ ነዋ። ግድግዳ የሚለስኑበት።»

«እሱ ግን ጅብስ ነው ያለው!»

«በዓረብኛ ጅብስ ነው፣ በአማርኛ ጀሶ። ያው አንድ ዱቄት ነው። ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

ሳሙናውን ትቼ በረርኩ። «እማ! ጅብስ ማለት ጀሶ ነው! ሀጂ ኑሩ በከረጢት ይሸጡታል!»

እማማ በላይነሽ አጥሩ ላይ ነበሩ። «ጅብ በከረጢት ይሸጣል ብለሽ አረፍሽ!» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ሱቅም አልሄድም።»

እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ዓረብኛውን እሷ ናት ያስተማረችሽ?» አለች። ወንዝ እንደምወርድ ደርሳበት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያልኩት ሁሉ ከእሷ አፍ የመጣ ሆኖ ቀረ።

ጥቅምት ሲጋመስ የመፍቻው ጊዜ ደረሰ። እትዬ አትጠገብ ክሊኒክ ሄጄ ላስፈታው አለች። እማማ በላይነሽ «አይሆንም! ክሊኒኩ ውስጥ ቀይራው ብትመጣስ?» አሉ። በምን እንደምትቀይረው የጠየቃቸው ሰው የለም። በቃ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ውስጥ በምስክር ፊት እንዲፈታ ተወሰነ። ኒም ዛፋችን ሥር ሰው ሞላ። እትዬ አትጠገብ ጀሶዋን ሳፋ ውስጥ ነከረች። ወንዙ ቀድሞ ክርኗ ላይ አለስልሶት ስለነበር ብዙ አላስቸገረም፤ በመቀስ እየቆረጠች፣ ፋሻውን እየገፈፈች ወረደች። ሳፋው ወተት መሰለ። እኔ ከሁሉም ፊት ነበርኩ፤ ወርቁ ሲወድቅ ማየት ነበር የፈለግሁት።

የወደቀ ነገር የለም። እጇ ግን ወጣ። አቤት! ከሲታ፣ ቆዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚነሳ፣ የከረመ እርጎ የሚሸት እጅ። በላዩ ላይ ደግሞ ጸጉር። ቀኝ እጇ ላይ የሌለ፣ ጥቁር፣ የተኛ ጸጉር ከክርኗ እስከ አንጓዋ። እኔ ራሴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ። በኋላ የባዮሎጂ መምህራችንን ስጠይቃቸው ጀሶ ሥር ጸጉር መብዛቱ የተለመደ ነው አሉኝ። ያን ቀን ግን መምህራችን እዚያ አልነበሩም።

እትዬ አትጠገብም ደነገጠች። እጇን ገልብጣ አየችውና «እንዴ፣ ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች።

ምነው ባላለችው! «ይኸው! ራሷ አመነች!» ብለው ጮኹ እማማ በላይነሽ። ሴቶቹ ወደ በሩ ተገፋፉ።

እናቴ አልተነሳችም። ፊቷ አመድ መስሏል። «አትጠገብ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ሁሉም ሲያወራ እኔ አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ልጠይቅሽ። ጅብ ነሽ ወይ?»

እትዬ አትጠገብ አልሳቀችም። «እህቴ፣ ጅብ ብሆን ኖሮ በእማማ በላይነሽ ፍየሎች መሃል ይህን ሁሉ ጊዜ ጾሜ አድር ነበር? ያ የሰባ ወጠጤያቸው በየቀኑ አጥሩን ዘሎ ደጄ ላይ ሲተኛ?»

አንዲት ሴት ፍርፍር አለች። የእማማ በላይነሽ የገዛ ምራት ናት። እማማ በላይነሽ ደግሞ «ወጠጤዬን አታንሽብኝ!» ብለው ሲቆጡ ሳቁ ወደ ሁሉም ተዛመተ። እናቴ ግን አሁንም አልሳቀችም። የፈራ ሰው በቀልድ አይድንም።

ያኔ እትዬ አትጠገብ እርጥብ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። «ውጭ ካልሽኝ እወጣለሁ፤ ቤቱ የአንች ነው። ግን ሩቅ አልሄድም። ከበርሽ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር እቀመጣለሁ። ፀሐይም ይሁን ዝናብ እዚያው ነኝ። ልጄ ሌላ በር አታውቅም።»

እናቴ ተነሥታ ሳፋውን አንስታ ደፋችው። «ልጅሽ እስክትመጣ ቆዪ» አለች። «ልጅ ካለች።»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው እናቴ ከአጥሩ በላይ «እማማ፣ ፍየሎቹ ደህና አደሩ?» ትላለች። «ለዛሬ ደህና አድረዋል» ይመልሳሉ። እትዬ አትጠገብ ይህን እየሰማች ደጇን ትጠርጋለች፤ የሰሊጥ ዘይት የተቀባው ከሲታ እጇ ከመጥረጊያው ጋር ይንቀጠቀጣል።

ወንዙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። በጀሶ ቀጥ ብላ የምትሻገረው ሴት ያለ ጀሶ ክብ ትዞር ጀመር! ቀኙ ይቀዝፋል፣ ግራው ይሰንፋል፣ ወደ ማዶ የተነሳችው ወደ እኔው ትመለሳለች። «እጁ ረስቷል» ትላለች እየሳቀች ውሃ እየተፋች። እኔንም ያን ሰሞን መንሳፈፍ አስተማረችኝ፤ እጇን ከጀርባዬ ሥር አድርጋ፣ «አንገትሽን ልቀቂው። ሰውን ጠርጥሪ፣ ደግ አደረግሽ። ውሃን ግን ከጠረጠርሽው ይውጥሻል» እያለች። የያዘችኝ በየትኛው እጇ እንደሆነ አላየሁም፤ ሰማይ ሰማይ ነበር የማየው።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ የጉልበት ሠራተኞቹ በየመኪናው ተጭነው ወደ ደጋ መመለስ ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈት አድርጋ በስንጥቁ አየች።

«ማን ልበል?»

«ሰላም» አለ የሴት ልጅ ድምፅ።

«ሰላም ነው። ማን ልበል?»

«ሰላም።»

«እንዴ! እኛማ ሰላም ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን! አንች ማነሽ ነው የምልሽ?»

«ሰላም! ሰላም!» ድምፁ ሊያለቅስ ደረሰ።

እናቴ ትከሻዋን በሩ ላይ ጣል አድርጋ ልትዘጋው ስትል በመስኮት አየኋት። አቧራ የጠጣ ሻርፕ የተከናነበች፣ ከኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ ጫማዋ በገመድ የታሰረ ልጅ። አማርኛው አልመጣላት ሲል ግራ እጇን ዘረጋችና በቀኝ መዳፏ ጎን እንደ እንጨት ሰባሪ መታ አደረገችው። ከዚያ በክንዷ ዙሪያ አየር ላይ ትጠመጥም ጀመር፤ ትጠመጥማለች፣ ትጠመጥማለች። «ኡሚ» አለች። እናቴ ማለቷ ነው።

የእናቴ እጅ በሩ ላይ ደረቀ። «አንች... እውነት አለሽ እንዴ?» አለች።

በራችን ሁለት ክፋይ አለው፤ ሁለቱም የሚከፈቱት የትራክተሩ ተጎታች ሲገባ ብቻ ነው። እናቴ መቀርቀሪያውን ነቅላ ሁለቱንም በረገደችው። የልጅቷን ዕቃ ከትከሻዋ ወሰደች። «ትርንጎ! ምን ታያለሽ? ሩጭ እንጂ!»

ሮጥኩ። እትዬ አትጠገብ ወንዙ መሃል ክቧን እየዞረች ነበር።

«እትዬ! ልጅሽ! በራችን ላይ ናት!»

ቆመች፤ ውሃው አገጯ ላይ ነው። እሷም የኔን ያህል ጠርጣራ መሆኗን ያን ጊዜ አየሁ። አልመጣችም፣ አልጮኸችም። «ስሟን ማን አለችሽ?» አለች።

«ሰላም! ሰላም ብቻ ነው የምትለው!»

ያን የመሰለ ዋና አይቼ አላውቅም። ማማር የለውም፤ ይዛነፋል፣ ውሃውን ይደበድበዋል፣ ግራው ዘግይቶ ይወርዳል። ግን ክብ አልዞረችም። ቀጥ ብላ መጣች፣ ከውሃው ወጣች፣ አጠገቤ አለፈች፤ ያየችኝም አልመሰለኝ። ጫማዋን ድንጋዩ ላይ ረስታው አንስቼ ተከተልኳት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ የእግሯ እርጥብ ዱካ አንድ በአንድ ይታየኝ ነበር፤ ፀሐዩ ግን ከኔ ይፈጥናል፤ አንዱ ላይ ስደርስ ደርቆ ይጠብቀኛል። እማማ በላይነሽ ከፍየሎቻቸው ጋር መንገድ ላይ ነበሩ። ጀላቢያዋ ተጣብቆባት፣ ያ ከሲታ እጇ እየተወዛወዘ ስትመጣባቸው ፍየሎቹን በዱላ ወደ ዳር ገፍተው አሳለፏት። ከዚያ አላስቻላቸውም፤ ዞረው ተከተሉን።

በሩ ጋ ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል። ከክፍሏ ውስጥ ግማሹ ዓረብኛ፣ ግማሹ ልቅሶ የሆነ ነገር ይሰማል። እናቴ በተበረገደው በር መሃል ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ እንደዚያ ቆማ አይቻት አላውቅም።

«እስቲ አንዴ ልያት» አሉ እማማ በላይነሽ። «ልጅቷን ብቻ። ምን እንደምትመስል።»

«ነገ ያዩዋታል እማማ። ዛሬ ማንም አይገባም።»

«እኔም?» አልኳት ጫማውን ከፍ አድርጌ እያሳየኋት።

«አንችም። እናትና ልጅ ናቸው፤ ተዋቸው።»

ጫማዎቿን እንደያዝሁ ከእማማ በላይነሽና ከፍየሎቻቸው ጋር አስፋልቱ ላይ ቀረሁ።